ሞሪስ ማይነር ከመግዛትዎ በፊት፦ መኪናውን ከሥር ወደ ላይ የመመርመሪያ መመሪያ

ይህ መመሪያ በብሪታንያ ውስጥ አሮጌ የሞሪስ ማይነር መኪና ለመግዛት ላሰበ፣ ነገር ግን መካኒክ ላልሆነ ሰው የተዘጋጀ ነው። ማይነር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተሠሩት የብሪታንያ መኪኖች መካከል ዛሬም በመንገድ ላይ በርከት ብሎ የሚታይ ነው፤ መለዋወጫው እንደ ልብ ይገኛል፤ ሞተሩንም እጁ በመጠኑ የተፍታታ ሰው በጓሮው ሊጠግነው ይችላል። ከዚህ የተነሣ አብዛኛው ገዢ ኮፋኖውን አስከፍቶ የሞተሩን ድምፅ ካዳመጠ በኋላ ዋጋ መከራከር ይጀምራል። እንዲህ ያለው አካሄድ ገንዘብ ያስበላል። በማይነር ውስጥ ሞተሩ በርካሽ የሚተካ ነገር ሲሆን ውድ የሚሆነው ከወለሉ በታች የሚገኘው ላሜራ ነው። ስለዚህ ምርመራው ከሥር ተጀምሮ ወደ ላይ መውጣት አለበት፤ ሞተሩ የሚነሣውም ሌላው ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የትኛው ማይነር እንደሆነ መለየት

በማይነር ስም ሥር አንድ ሙሉ ቤተሰብ ተሰልፏል፦ ባለ ሁለት በር፣ ባለ አራት በር፣ ጣሪያው የሚታጠፍ፣ የኋላ አካሉ በእንጨት የተዋቀረው ትራቬለር፣ ቫን እና ፒክ አፕ። በአሌክ ኢሲጎኒስ የተነደፈው መኪና በ1948 ለንደን ውስጥ በኧርልስ ኮርት የመኪና ትርኢት ለሕዝብ ቀረበ፤ ኦክስፎርድ በሚገኘው የካውሊ ፋብሪካ በብዛት ተመረተ፤ የቤተሰቡ ምርት ያበቃው በ1971 ነው። በ1960 መጨረሻ ላይ አንድ ሚሊዮንኛው ማይነር ሲወጣ፣ ይህን ቁጥር የደረሰ የመጀመሪያው የብሪታንያ መኪና ሆነ።

ዕድሜውን ለመለየት ከሰነዱ በፊት የፊት መስታወቱን ማየት ይቀላል። መስታወቱ በመሐል ለሁለት የተከፈለ ከሆነ መኪናው ከ1956 በፊት የተሠራ ነው፤ አንድ ወጥና በመጠኑ የተቀለበሰ ከሆነ ከዚያ ወዲህ የመጣው ማይነር 1000 ነው። የፊት መብራቶቹ ዝቅ ብለው ከፍርግርጉ ጎንና ጎን የተቀመጡ ከሆኑ ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት መኪኖች አንዱን እያዩ ነው፤ እነዚህ ሰብሳቢዎች የሚሻሟቸው ስለሆኑ ዋጋቸው ከፍ ይላል። ፍሬቻው ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ሳይሆን ከበሩ ኋላ ካለው ምሰሶ ውስጥ እንደ ትንሽ ክንድ ብቅ የሚል ከሆነ መኪናው ከ1961 ለውጥ በፊት የተሠራ ነው ማለት ነው።

ሞተሮቹ አራት ናቸው። የመጀመሪያው ቫልቮላዎቹ በጎን የሆኑ 918 ሲሲ ሞተር ነበር። ኦስቲንና ሞሪስ በ1952 ከተዋሐዱ በኋላ የኦስቲኑ 803 ሲሲ ሞተር ተተካ፤ በ1956 ወደ 948 ሲሲ፣ በ1962 ደግሞ ወደ 1098 ሲሲ አደገ። ዕለት ተዕለት ለመንዳት የሚገዛ ሰው የመጨረሻውን ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ጉልበቱ ከመጨመሩ በላይ ካምቢዮው ጠንካራ ነው፤ የፊት ፍሬኑም ከ7 ኢንች ወደ 8 ኢንች ከበሮ ከፍ ብሏል። ይሁን እንጂ ባለፉት ዐሥርተ ዓመታት ብዙ መኪኖች ሞተር ስለተለዋወጡ፣ በሰነዱ ላይ የተጻፈውን ከሞተሩ ላይ ከተመታው ቁጥር ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ጀማሪን ሊያሳስት ይችላል። በኮፋኖው መሐል ለመሐል ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ጠፍጣፋ መስመር አለ፤ በቀደሙት መኪኖች ላይም የፓራውርቲው መሐል በተጨማሪ ቁራጭ የተቀጠለ ይመስላል። ይህ የግጭት ጥገና አይደለም። ንድፉ ሊያልቅ ሲል ኢሲጎኒስ መኪናው ጠበበብኝ ብሎ ሞዴሉን ቁመቱን ይዞ ለሁለት አስቆረጠውና 4 ኢንች፣ ማለትም 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አሰፋው፤ ፓራውርቲዎቹ ግን አስቀድመው ተሠርተው ስለነበር መሐላቸው ተቆርጦ ተቀጠለ።

ቤት ሆኖ የሚሠራ ሥራ

ለማየት ከመሄድዎ በፊት የመኪናውን የሰሌዳ ቁጥር ከሻጩ ይጠይቁ። በዚህ ቁጥር በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ የመኪናውን የዓመታዊ ምርመራ፣ ማለትም የኤም ኦ ቲ ታሪክ በነፃ ማየት ይቻላል። በብሪታንያ 40 ዓመት የሞላቸውና በመሠረታዊ አሠራራቸው ላይ ባለፉት 30 ዓመታት ትልቅ ለውጥ ያልተደረገባቸው መኪኖች ከ2018 ጀምሮ ከዚህ ምርመራ ነፃ ስለሆኑ፣ ብዙ ማይነሮች ለዓመታት የማንም መርማሪ ዓይን አላረፈባቸውም። የድሮው መዝገብ ዋጋ ያለው በዚህ ምክንያት ነው። በመዝገቡ ውስጥ ዝገትን የሚመለከት ማስጠንቀቂያ ከአንድ ዓመት በላይ ተደጋግሞ ከተጻፈና ከዚያ በኋላ መኪናው ጭራሽ ለምርመራ ካልቀረበ፣ ሻጩ ስለ ጥገናው የፎቶግራፍና የደረሰኝ ማስረጃ ሊያቀርብ ይገባዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሻጩን «መኪናውን በእኔ ወጪ ለኤም ኦ ቲ ላቅርበው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሕጉ አያስገድድም፤ ሆኖም በፈቃደኝነት ማስመርመር የተፈቀደ ነው፤ ክፍያውም ከአንድ የተበላሸ ወለል ብየዳ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ሻጩ ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ካለ እርስዎም ጉዞውን ቢሰርዙት ይሻላል።

የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ጥቂት ናቸው፦ ጠንካራ የእጅ ባትሪ፣ በቀጭን ጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት፣ ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ ካቻቪቴ፣ ሊቆሽሽ የሚችል ልብስና መሬት ላይ የሚነጠፍ ካርቶን። ክሪክ ከተገኘ አብሮት ካቫሌቶ፣ ማለትም የተነሣውን መኪና ደግፎ የሚያቆም የብረት እግር፣ የግድ ነው፤ በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር በምንም ምክንያት መግባት አይገባም። ለሻጩም ሞተሩን ቀደም ብሎ እንዳያሞቀው አስቀድመው ይንገሩት።

ከውጭ የሚታየው

የማይነር የፊትም ሆነ የኋላ ፓራፋንጎ በቡሎን የታሰረ ነው። ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ በፊት መብራቱ ዙሪያና ከበሩ አጠገብ ባለው የታችኛው ጫፍ የበሰበሰ ፓራፋንጎ ተፈትቶ በአዲስ ይተካል። ስለዚህ የፓራፋንጎ ዝገት ዋጋ ለመቀነስ የሚያገለግል ነጥብ እንጂ መኪናውን ጥሎ ለመሄድ የሚያበቃ ምክንያት አይደለም። በአንጻሩ የሚያብረቀርቅ አዲስ ፓራፋንጎና አዲስ ቀለም ያለው መኪና ሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ በአሮጌ መኪና ገበያ ላይ ይህ የተለመደ አሠራር ነው።

ማግኔቱን በበሮቹ የታችኛ ጠርዝ፣ በጎማዎቹ ቅስት ዙሪያና ከበሩ ሥር ባለው ደፍ ላይ ቀስ ብለው ያስኪዱት። ማግኔቱ አልይዝ ያለበት ቦታ ሁሉ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለበት። ጥቂት ስቱኮ በ60 ዓመት መኪና ላይ ነውር አይደለም፤ በደፉ ላይ ሲገኝ ግን ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ማይነር እንደ ጭነት መኪና ለብቻው የቆመ ሻንሲ የለውም። አካሉና ወለሉ አንድ ላይ ተበይደው እርስ በርስ ይሸካከማሉ፤ ደፉም የሸክሙ አካል ነው። ቫኑና ፒክ አፑ ብቻ የራሳቸው ሻንሲ አላቸው።

ቀጥሎ በሮቹን ይመልከቱ። በሩ ተዘግቶ ሳለ በዙሪያው ያለው ክፍተት ከላይ እስከ ታች እኩል መሆን አለበት። በሩን ከፍተው ጫፉን ወደ ላይ ሲያነሡት የሚንቀሳቀስ ከሆነ ያረጀው ማጠፊያው ነው፤ ይህ ቀላል ነው። ማጠፊያው ጥብቅ ሆኖ ሳለ ክፍተቱ ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ ግን መኪናው ከመሐሉ እየጎበጠ ነው ማለት ነው። ለማረጋገጥ መኪናውን በጎኑ ባለው የክሪክ ማስገቢያ በኩል በጥቂቱ ያንሡትና በሩን ለመዝጋት ይሞክሩ። ቀደም ሲል በቀላሉ ይዘጋ የነበረው በር አሁን ከያዘ ወይም ደግሞ ክሪኩ መኪናውን በማንሣት ፈንታ ላሜራውን እየደፈጠጠ ከገባ፣ ምርመራውን እዚህ ላይ ማቆም ይችላሉ።

ከሥር

ካርቶኑን አንጥፈው ይተኙ። መጀመሪያ የሚፈለገው ከፊት ወንበሮቹ ሥር ከግራ ወደ ቀኝ የሚያልፈው፣ ክሮስ ሜምበር የሚባለው አግዳሚ ብረት ነው። ማይነር ከፊት የተጠቀለለ ሞላ የለውም፤ በምትኩ በእያንዳንዱ ጎን ቶርሽን ባር የሚባል፣ እየተጠመዘዘ ክብደቱን የሚሸከም ረጅም የብረት ዘንግ አለ። የዘንጉ የኋላ ጫፍ የታሰረው በዚሁ አግዳሚ ላይ ስለሆነ፣ አግዳሚው ከበሰበሰ የመኪናው የፊት ክብደት የተንጠለጠለው በዝገት ላይ ነው። ቶሎ የሚበሰብሱት ሁለቱ ጫፎቹ ናቸው፤ የክሪክ ማስገቢያውም ያለው እዚያው ነው። ካቻቪቴውን ይዘው ጫን ጫን ያድርጉ። ጤናማ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው የታፈነ ድምፅ አውጥቶ ቅርፊቱ ይረግፋል፤ ከነጭራሹም ካቻቪቴው ሊገባ ይችላል። ከመውጋትዎ በፊት ሻጩን ማስፈቀድ ጨዋነት ነው፤ የተማመነ ሻጭ አይከለክልም።

ከዚያ ወደ ኋላ ይሻገሩ። የኋላ ባሌስትራዎቹ በአራት ቦታ ከአካሉ ጋር ይያያዛሉ፤ ሁለቱ ከኋላ ወንበር ሥር፣ ሁለቱ ከመኪናው ጅራት አጠገብ ናቸው። ጎማው ጭቃና ጨው እየረጨ የሚሞላው እነዚህን ማዕዘኖች ስለሆነ ዝገቱ ከውስጥ ይጀምራል፤ ከውጭ ሲታይ ግን ወፍራም ጥቁር የጸረ ዝገት ቅባት ብቻ ይታያል። አዲስ የተቀባ ጥቁር ቅባት ሁሌም ጥርጣሬ ሊያሳድር ይገባል፤ ሻጩ ከመቀባቱ በፊት የተነሣ ፎቶግራፍ ካለው ያሳይዎት። ከኋላ የዕቃ ቦታውን ከፍተው ተጠባባቂውን ጎማ ካወጡ በኋላ የወለሉን ማዕዘኖች ከላይ በኩልም በባትሪ ይፈትሹ።

ወደ መኪናው ውስጥ ገብተው ምንጣፉን ያንሡ። ወለሉ ከደፉ ጋር የሚገናኝበት መስመር፣ በተለይም በፊት ተሳፋሪዎች እግር አካባቢ፣ ውኃ የሚጠራቀምበት ነው። እዚህ ላይ የሚታየው የብየዳ ዓይነት ስለ መኪናው የኋላ ታሪክ ብዙ ይናገራል። ደህና ብየዳ የሞተው ላሜራ ተቆርጦ ከወጣ በኋላ አዲሱ ጠርዝ ለጠርዝ፣ ሳይቋረጥ ዙሪያውን የተበየደበት ነው። በተቃራኒው በበሰበሰው ላሜራ ላይ አዲስ ቁራጭ ተደርቦ እዚህም እዚያም በነጥብ የተያዘ ከሆነ፣ ሥሩ ያለው ዝገት መብላቱን አላቆመም፤ በመካከላቸውም ውኃ ይታቆራል። የኤም ኦ ቲ መርማሪዎችም ክብደት ተሸካሚ በሆነ ቦታ ላይ እንዲህ ያለውን የነጥብ ብየዳ አይቀበሉም። ድርብርብ ላሜራ በሁለትና በሦስት ቦታ ካገኙ ሻጩ የጠየቀውን ዋጋ ሳይሆን ወለሉ በሙሉ ወጥቶ ሲቀየር የሚያስወጣውን ወጪ ያስቡ።

በሹፌሩ እግር ሥር ሌላም የተደበቀ ነገር አለ። የፍሬኑ ዋና ፖምፓ የተቀመጠው ኮፋኖ ሥር ሳይሆን ከወለሉ በታች፣ የሻንሲ እግር በሚባለው ከአካሉ ጋር የተበየደ ብረት ውስጥ ነው፤ ዘይቱን ለማየትም ምንጣፉ ተነሥቶ የወለሉ ክዳን መከፈት አለበት። ለመድረስ የማይመች ስለሆነ ብዙ ባለቤቶች ለዓመታት አይነኩትም። የፍሬን ፔዳሉን ጠበቅ አድርገው ረግጠው ለአንድ ደቂቃ ያህል ይያዙት፤ ቀስ እያለ የሚሰጥም ከሆነ የፖምፓው የጎማ ማሸጊያ አልቋል፤ ወይም የሆነ ቦታ ዘይት እያንጠባጠበ ነው። በማይነር ላይ ለአራቱም ጎማ ያለው የፍሬን መስመር አንድ ብቻ ስለሆነ፣ በአንድ ቦታ የተበሳ ቱቦ የእግር ፍሬኑን በሙሉ ያሳጣል፤ የሚቀረው የእጅ ፍሬኑ ብቻ ነው። ስለዚህ የእጅ ፍሬኑንም በዳገት ላይ ይፈትኑ።

ትራቬለር ከሆነ እንጨቱን

በ1953 የመጣው ትራቬለር ከቤተሰቡ ሁሉ በጣም የሚወደደው፣ በጣምም ገዢ የሚያከስረው ነው። ከኋላ የሚታየው የአሽ እንጨት ለጌጥ የተለጠፈ አይደለም፤ የጣሪያውን፣ የጎን መስታወቶቹንና የኋላ በሮቹን ክብደት የሚሸከመው እርሱ ነው። በመሆኑም እንጨቱ ሲበሰብስ በሕግም በአሠራርም እንደ ሻንሲ ዝገት ይቆጠራል።

ምርመራው በዓይን ይጀመራል። ጤናማ አሽ ማር መሰል ቀለም አለው፤ በመገጣጠሚያዎቹ አካባቢ የሚታይ ጥቁር ጥላ ግን ውኃ መግባቱን ያሳያል። ጥላው ሁልጊዜ ብስባሽ ማለት አይደለም፤ ላይ ላዩን ብቻ ከሆነ ተልጎና ተቀብቶ ይድናል። ለመለየት የካቻቪቴውን ጫፍ በጥላው ላይ ያሳርፉና በአውራ ጣትዎ ኃይል ብቻ ይጫኑት። ጫፉ ካልገባ ደህና ነው፤ እርጥብ ብስኩት እንደሚወጋ ከሆነ ያ ቁራጭ መቀየር አለበት። በተለይ ትኩረት የሚሹት ከኋላ ጎማዎቹ ቅስት በላይ የሚያልፉት የታችኛዎቹ አግዳሚዎች፣ ከፊት በሮች ኋላ የቆሙት ቋሚዎችና ከኋላ በሮቹ ሥር ያሉት ማዕዘኖች ናቸው። ተንሸራታቾቹን የጎን መስታወቶች ከፍተው የሚሄዱባቸውን ቦዮች ይመልከቱ፤ ቦዮቹ በቆሻሻ ከተደፈኑ የዝናቡ ውኃ መውጫ አጥቶ ወደ እንጨቱ ይገባል፤ ቦዩ ውስጥ አረንጓዴ ሽበት ማየትም የተለመደ ነው። በእንጨት ሙሌት የተሞላና በላዩ ላይ ወፍራም ቫርኒሽ የተቀባ መገጣጠሚያ ካገኙ ያ ጥገና ሳይሆን መደበቂያ ነው።

አዲስ የተቆረጠ ሙሉ የእንጨት ስብስብ ዛሬም በብሪታንያ ይሸጣል። ሆኖም የአንዱ ጎን እንጨት ሲፈታ አብሮት የሚፈታው ላሜራም ዝጎ ስለሚገኝ ወጪው በእንጨቱ አያበቃም። የሁለቱም ጎን እንጨት የሞተበትን ትራቬለር፣ ሥራውን ራሱ ለመሥራት ያላሰበ ሰው ባይገዛው ይመረጣል።

ጣሪያው የሚታጠፈውን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ማረጋገጥ ይበቃል። ፋብሪካው ይህን መኪና ሲሠራ ጣሪያው በመቅረቱ የጠፋውን ጥንካሬ በተጨማሪ ብረቶች ተክቶታል። በኋላ ግን ዋጋው ሲወደድ ባለ ሁለት በሮችን ጣሪያቸውን ቆርጠው የለወጡ ብዙዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ማጠናከሪያውን በአግባቡ አስገብተዋል፤ አንዳንዶቹ አላስገቡም። በማይነር 1000 ላይ ከሞተሩ ኋላ ባለው ግድግዳ የተለጠፈውን የሻንሲ ቁጥር ሰሌዳ ያንብቡ፤ የፋብሪካው ተጣጣፊ ከቁጥሩ በፊት ባሉት ፊደላት መካከል «ቲ» የሚል ፊደል አለው፤ የባለ ሁለት በሩ ፊደል «2ኤስ»፣ የትራቬለሩ «ደብልዩ» ነው። «2ኤስ» ተጽፎበት ጣሪያው ጨርቅ ከሆነ የተለወጠ ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው ዝቅ ማለት አለበት።

የፊት እግሮቹ

ከዝገት ቀጥሎ ማይነርን አደገኛ የሚያደርገው የፊት ጎማዎቹ የተያዙበት መንገድ ነው። በእያንዳንዱ ጎማ በኩል የቆመው እግር ከላይና ከታች የቡሎን ጥርስ አለው፤ መሪው ሲዞር እግሩ ትራኒየን በሚባሉ ሁለት መያዣዎች ውስጥ በዚህ ጥርስ ላይ ይሽከረከራል። አሠራሩ ግሪስ እስካገኘ ድረስ በጣም ረጅም ዕድሜ አለው። ግሪስ ካጣ ግን ጥርሱ ይበላል፤ በመጨረሻም እግሩ ከታችኛው መያዣ ይወጣና ጎማው ከፓራፋንጎው ሥር ይታጠፋል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ የሚደርሰው መሪው በሚዞርበትና ጎማው ከመንገድ ጉብታ ጋር በሚጋጭበት ዝግተኛ ፍጥነት ላይ ነው፤ ሌላ ጊዜ የሚደርስ ቢሆን ምን ሊከተል እንደሚችል መግለጽ አያስፈልግም።

ፈተናው ሁለት ሰው ይፈልጋል። የፊት ጎማውን ከመሬት አንሥተው በካቫሌቶ ካስደገፉ በኋላ ጎማውን ከላይና ከታች ጨብጠው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይወዝውዙት። ውልቅልቅ የሚል ስሜት ካለ ረዳትዎ ፍሬን እንዲረግጥ ያድርጉና እንደገና ይሞክሩ። ፍሬኑ ሲያዝ ውልቅልቁ ከጠፋ ያረጀው የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ያረጀው ትራኒየኑ ወይም እግሩ ነው። ከዚያ የግሪስ መግቢያዎቹን በባትሪ ይዩ። በአካባቢያቸው እርጥብና አዲስ ግሪስ ወጣ ብሎ ከታየ ባለቤቱ መኪናውን ያውቀዋል። በደረቀ ጭቃ ተሸፍነው ከተገኙ ሻጩ ስለ ሌላው እንክብካቤው የሚነግርዎትን ሁሉ በጥርጣሬ ይስሙት።

በዚሁ አጋጣሚ አሞርዛተሮቹን ይመልከቱ። የማይነር አሞርዛተር ረጅም ቱቦ ሳይሆን ክንድ ያለው የዘይት ሳጥን ነው፤ የፊተኛው ክንድ ራሱ የላይኛውን መያዣ ተሸክሟል። ዘይት ከተፋ መቀየር አለበት።

ኤሌክትሪኩና ነዳጁ

ማይነር ከፋብሪካ ሲወጣ ከአካሉ ጋር የሚያያዘው የባትሪው ፖዘቲቭ ነበር፤ ይህ ከዛሬዎቹ መኪኖች ተቃራኒ ነው። አንዳንድ ባለቤቶች ዲናሞውን በአልተርኔተር ሲተኩ አብረው ለውጠውታል። ስለዚህ ሬዲዮ ወይም የስልክ መሙያ ከመግጠምዎ በፊት ወደ አካሉ የሚሄደው ወፍራም ገመድ ከየትኛው የባትሪ ጫፍ እንደሚነሣ ማየት ግዴታ ነው፤ አለበለዚያ የተገጠመው ዕቃ በቅጽበት ይቃጠላል።

ከዚያ ኮፋኖውን ከፍተው ሞተሩን ሳያስነሡ ቁልፉን ብቻ ያዙሩና ጸጥ ብለው ያዳምጡ። የነዳጅ ፖምፓው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለሆነ ጠቅ ጠቅ የሚል ፈጣን ድምፅ ይሰማል፤ የካርቡሬተሩ ጎድጓዳ ሲሞላ ድምፁ እየዘገየ ሄዶ ይቆማል። ሳያቆም ከቀጠለ ወይ ታንከሩ ባዶ ነው፣ ወይ ቱቦው አየር ያስገባል፣ ወይ ካርቡሬተሩ ነዳጅ እያፈሰሰ ነው። ጭራሽ ካልተሰማ ፖምፓው ነክሷል፤ ሻጩ መጥቶ በካቻቪቴ እጀታ መታ ሲያደርገው የሚነሣ ከሆነም ዋጋው ላይ ይታሰብ።

ሞተሩና የሙከራ ጉዞው

አሁን ሞተሩን በቀዝቃዛው ያስነሡት። የዘይት ግፊት መብራቱ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ መጥፋት አለበት፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በዝቅተኛ ዙር ላይ ሳለ መልሶ ብልጭ ካለ የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርባቸው ብሮንዚናዎች አርጅተዋል። የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው ከሥሩ ነጭ ቅቤ መሰል ነገር ካዩ፣ መኪናው አጭር አጭር ጉዞ ብቻ ሲሄድ ከሚፈጠረው እርጥበት ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ አይደንግጡ፤ የራዲያተሩ ውኃም ዘይት ከያዘ ግን የቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ጓርኒሲዮን ተበልቷል። ከፊት በኩል የሚሰማ ቀለል ያለ የሰንሰለት ኳኳታ በዚህ ሞተር የተለመደ ነው።

በጉዞው ላይ መጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው፣ ማይነር በአንደኛ ማርሽ ላይ ሲንክሮናይዘር፣ ማለትም ማርሹ ያለ ጩኸት እንዲገባ የሚያግዝ ክፍል፣ የሌለው መሆኑ ነው። ጎማው እየዞረ አንደኛ ሲገባ የሚጮኸው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ካምቢዮው ስለተበላሸ አይደለም። ሁለተኛው ማርሽ ግን ያለ ጩኸት መግባት አለበት፤ በ803 እና በ948 ሲሲ መኪኖች ላይ ቀድሞ የሚደክመው እርሱ ነው። በእያንዳንዱ ማርሽ ፍጥነት ከጨመሩ በኋላ እግርዎን ከነዳጁ በድንገት ያንሡ፤ የማርሹ ዘንግ ራሱ ወደ ገለልተኛ ተወርውሮ ከወጣ ካምቢዮው መከፈት ይኖርበታል። ረጅም ቁልቁለት ነዳጅ ሳይረግጡ ከወረዱ በኋላ መልሰው ሲረግጡ በኋላ መስታወት ሰማያዊ ጢስ ካዩ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው። መሪው ቀላልና ቀጥተኛ ሊሆን ይገባል፤ ኢሲጎኒስ ለዚህ መኪና የመረጠው ባለ ጥርስ ዘንግ መሪ እስከ ዛሬ ድረስ የሚያስደስት ነው፤ የሚባዝን መሪ ያለው ማይነር የሆነ ነገር ጎድሎታል።

ከገዙ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት

ምዝገባው ቪ 5 ሲ በሚባለው ሰነድ ወደ ስምዎ ከተዛወረ በኋላ መኪናው በታሪካዊ ተሽከርካሪነት ምድብ መመዝገቡን ያረጋግጡ። በዚህ ምድብ የተመዘገበ ማይነር ዓመታዊ የመንገድ ግብር አይከፍልም፤ ሆኖም ነፃ ቢሆንም በየዓመቱ መታደስ አለበት። ለንደን ለሚኖር አንባቢ ምድቡ ሌላም ጥቅም አለው፤ የከተማው የአየር ብክለት ክፍያ፣ ዩሌዝ የሚባለው፣ በታሪካዊ ምድብ የተመዘገቡትን አይመለከትም። መድን ሲገቡ የመኪናው ዋጋ አስቀድሞ በስምምነት የሚወሰንበትን ውል ይጠይቁ፤ አለበለዚያ መኪናው ቢጠፋ የሚከፈልዎት የተራ አሮጌ መኪና ዋጋ ሊሆን ይችላል።

በነዳጅ በኩል ከ2021 ወዲህ በብሪታንያ የሚቀዳው መደበኛ ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኤታኖል ስላለበት የድሮ የጎማ ቱቦዎችን ይበላል። ባለ 5 በመቶ የሆነውን ሱፐር ቤንዚን ይቅዱ፤ ቱቦዎቹንም ኤታኖል በሚችሉ አዳዲሶች ይለውጧቸው። ቴስታታው ጠንካራ የቫልቮላ መቀመጫ ካልተገጠመለት ደግሞ ነዳጅ በተሞላ ቁጥር በድሮው ቤንዚን ውስጥ የነበረውን ሊድ (እርሳስ) የሚተካ ፈሳሽ መጨመር ያስፈልጋል፤ ሻጩ ተገጥሟል ካለ ደረሰኙን ያሳይ።

በመጨረሻም የፍሬን ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አስወጥተው በአዲስ ይተኩ፤ የሞተሩን ዘይት በ20 ደብልዩ 50 ይለውጡ። የፊት ትራኒየኖቹን ደግሞ ጎማዎቹ ከመሬት ተነሥተው ክብደት በሌለባቸው ጊዜ፣ አሮጌው ግሪስ ተገፍቶ ወጥቶ አዲሱ በጠርዙ ብቅ እስኪል ድረስ ይሙሏቸው። ከዚያ በኋላ ይህንኑ በየ1,000 ማይሉ፣ ማለትም በየ1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ይድገሙት፤ መኪናው ብዙ የማይነዳ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት።